የዣን ፒያዤ ሕይወት፤ ወይም ሕፃን የውሸቱን ከእውነቱ እንዴት እንደሚለይ

የአንደኛ ዓመት የሥነ ልቡና ትምህርት ወስዶ የዣን ፒያዤን ስም በፈተና ወረቀት ላይ ያልጻፈ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብዬ አላምንም። አራቱን ደረጃዎች በቃላችን እንይዛለን፤ ዕድሜያቸውን ከጎናቸው እንደረድራለን፤ ፈተናው ባለፈ በሳምንቱም ከአራቱ ሁለቱን እንረሳለን። ሰውዬው ግን ከነዚያ አራት መስመሮች የበለጠ ታሪክ አለው። ይህ ሊቅ የሕፃናትን አእምሮ ሲመረምር ዕድሜውን የፈጀ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ በልጅነቱ የተነገረውን አንድ ውሸት በዓይኑ እንዳየው አድርጎ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ድረስ ይዞት ኖሯል። ስለዚህ ሕፃን የውሸቱን ከእውነቱ እንዲለይ እንዴት ይረዳል ለሚል ሰው ከሕይወቱ የሚገኘው ትምህርት ከመጽሐፎቹ ከሚገኘው አያንስም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን እንዳነሣ ያደረገኝ የምኖርበት ሰፈር ነው። መካኒሳ ውስጥ፣ በወንዙ ዳር ካሉት የአትክልት ማሳዎች ወደ ላይ ሲወጣ፣ በየደጁ ሕፃናት ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ይታያሉ። ጭቃው እንጀራ ነው፤ ቆርኪው ድስት ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ብር ነው። የሦስት ዓመቷ ባለቤት ጭቃውን ወደ አፏ አስጠግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትጎርሰውም። ታናሿ የምሩን ሊበላ ቢቃጣ የውሸት መሆኑን ነግራ ትቆጣዋለች። ይህች ልጅ የውሸቱንና የእውነቱን አትለይም የሚል ማን ነው?

ሲመሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቤት አልገባም ያለው ልጅ ጅብ እንደ መጣበት ይነገረዋል፤ ጅቡ ካልሠራ ቆራሌው በጆንያው ከቶ ይወስደዋል፤ ይህም ካልሠራ ሐኪም በመርፌ ይወጋዋል። በማግስቱ ያው ልጅ ጎመን ማሳ ውስጥ አንበሳ አየሁ እያለ ሲሮጥ ይመጣና ውሸታም ተብሎ ይቆነጠጣል። የጅቡን ፈጣሪ የቆነጠጠ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ትንሽ ያሳስተናል። ልጆቹ የውሸት ሲሉ ጨዋታ ማለታቸው ነው፤ እኛ ውሸት ስንል ግን ኃጢአት ማለታችን ነው። አንዱ ቃል ሁለቱን ስለሚሸከም ተጫዋቹን ከአታላዩ ለይተን ለማየት ይቸግረናል።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ዣን ፒያዤ ኦገስት 9 ቀን 1896 ዓ.ም. በስዊስ አገር በኑሻቴል ከተማ ተወለደ። አባቱ አርቱር ፒያዤ የመካከለኛውን ዘመን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ነበር። የዚህ አባት ሙያ ለታሪካችን ደንበኛ መግቢያ ነው፤ የከተማው ሰዎች የሚኮሩበትን አንድ የጥንት ዜና መዋዕል መርምሮ ሐሰተኛ ጽሑፍ መሆኑን ያስታወቀ እርሱ ነውና። ከእንዲህ ያለ አባት ጋር ማዕድ የሚቀርብ ልጅ ማስረጃ የሌለው ወሬ ይዞ አይቀመጥም። እናቱ ሬቤካ ጃክሰን ብልኅና ደግ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን መንፈሷ የታወከ በመሆኑ የቤቱ ኑሮ ሰላም አልነበረውም። ፒያዤ በኋላ ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው ጽሑፍ፣ ገና በሕፃንነቱ ጨዋታን ትቶ ወደ ቁም ነገር ሥራ የገባው በዚሁ በእናቱ ሁኔታ ምክንያት መሆኑን፣ ከእውነታ መውጣትን ሁሉ ዕድሜውን በሙሉ ሲጠላ መኖሩንም ገልጿል። አንባቢዬ ይህን ነጥብ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። ስለ ልጆች የማስመሰል ጨዋታ በዓለም ከታወቁት መጽሐፎች አንዱን የጻፈው ሰው፣ እርሱ ራሱ በልጅነቱ ከጨዋታ የሸሸ ሰው ነበር።

የሸሸውም ወደ ወፎችና ወደ ቀንድ አውጣዎች ነው። በ1907 ዓ.ም. ገና ዐሥራ አንድ ዓመት እንኳ በደንብ ሳይሞላው፣ በአንድ መናፈሻ ስላየው ነጣ ያለ ድንቢጥ አጭር ማስታወሻ ጽፎ በአንድ የተፈጥሮ ወዳጆች መጽሔት ላይ አሳተመ። ከዚያም የከተማው የተፈጥሮ ሙዚየም ኃላፊ የነበረውን ፖል ጎዴን ተጠግቶ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በዛጎሎቹ ላይ የስም ወረቀት እየለጠፈ ያግዘው ጀመር። ሽማግሌው በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ስለ ቀንድ አውጣዎች በራሱ ስም መጻፉን ቀጠለ። ጽሑፉን ያነበቡ የውጭ አገር ሊቃውንት ደራሲው ተማሪ ልጅ መሆኑን አያውቁም ነበር፤ እንዲያውም በጄኔቭ ሙዚየም የቀንድ አውጣዎች ክፍል ሥራ ቢቀርብለት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና ስላልጨረሰ መቅረት ግድ ሆነበት። የመመረቂያ ጽሑፉን በሦስተኛ ማራዘሚያ ለሚያስረክበው ጓደኛችን ይህን ታሪክ አልነግረውም።

የሞግዚቲቱ ታሪክ የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። ፒያዤ ሕፃን ሳለ በፓሪስ ሻንዜሊዜ በሚባለው ጎዳና ሞግዚቱ በጋሪ እየገፋች ስታንሸራሽረው አንድ ሰው ሊሰርቀው ሞከረ። በጋሪው ቀበቶ ታስሮ ስለ ነበረ ሌባው በቶሎ ሊያወጣው አልቻለም። ሞግዚቲቱ በመካከል ገብታ ታገለች፤ ፊቷም ተቧጨረ። ሕዝብ ተሰበሰበ፤ አጭር ካባ የለበሰ፣ ነጭ ዱላ የያዘ ፖሊስ መጣ፤ ሌባውም እግሬ አውጪኝ አለ። ወላጆቹም ለሞግዚቲቱ ጀግንነት ሰዓት ሸለሟት። ልጁ አድጎ ይህን ሁሉ ያስታውስ ነበር፤ የፖሊሱን ካባ፣ የሞግዚቲቱን ቁስል፣ ነገሩ የሆነበትን ቦታ ጭምር።

ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ለወላጆቹ ደብዳቤ ደረሰ። የላከችው ያችው ሞግዚት ናት። የድኅነት ሠራዊት በሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ገብታ ኃጢአቷን ለመናዘዝ ስለ ፈለገች፣ ታሪኩን በሙሉ ራሷ እንደ ፈጠረችው፣ ጭረቱንም ራሷ በፊቷ ላይ እንደ ሠራችው ጽፋ የተሸለመችውን ሰዓት መለሰች። ሌባ አልነበረም፤ ፖሊስም አልመጣም። ልጁ ወላጆቹ ያመኑትን ወሬ ቤት ውስጥ ሲነገር ሰምቶ፣ ከሰማው ነገር ሥዕል ሠርቶ፣ ሥዕሉን ወደ ኋላ ወስዶ ትዝታ አደረገው። ፒያዤ ይህን ሲያወሳ ውሸት መሆኑ ከታወቀም በኋላ ትዕይንቱ በአእምሮው ፊት ጥርት ብሎ ይታየው እንደ ነበር ይናገራል።

እኔ ከዚህ የምረዳው የሚከተለውን ነው። ይህ ልጅ ዛጎልን ከዛጎል የሚለይ፣ አባቱ ሐሰተኛ ሰነድ የሚያጋልጥ፣ ተረት የማይወድ ልጅ ነበር። ከሞግዚቲቱ ውሸት ግን ከነዚህ ሁሉ አንዱም አላዳነውም። ራሱ የፈጠረው ቢሆን ኖሮ የፈጠረበትን ቀን ያውቀው ነበር፤ ነገሩ ግን የመጣው ከዐዋቂ አፍ፣ የጨዋታ ምልክት ሳይኖረው፣ የምር ፊት ለብሶ ነው። እንዲህ የመጣን ነገር ሕፃን ልጅ በምን ይመዝነዋል?

በ1918 ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመቱ ስለ ቀንድ አውጣዎች ጽፎ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በዚያው ዓመት፣ ለከእውነታ-መውጣት ጠላት ነኝ ለሚል ሰው የሚያስገርም ቢሆንም፣ ፍልስፍናዊ ልብ ወለድ አሳተመ። ከዚያ በዙሪክ ከአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ ጥቂት ከቆየ በኋላ በ1919 ዓ.ም. ፓሪስ ገባ። እዚያም ቴዎዶር ሲሞን፣ የሟቹ የአልፍሬድ ቢኔ የሥራ ጓደኛ፣ የእንግሊዞችን የማመዛዘን ፈተና ለፓሪስ ልጆች እንዲያስማማ ሥራ ሰጠው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ልጅ ይጠየቃል፣ ትክክል ወይም ስሕተት ተብሎ ምልክት ይደረጋል። ፒያዤን ያነቃው ግን ትክክለኛው መልስ ሳይሆን ስሕተቱ ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳቱ ነበርና። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ሳይቆጣ ይጠይቃቸውና መልሳቸውን ይከተል ጀመር። ሌላው ፈታኝ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰርዘውን እርሱ እንደ ዛጎል ሰበሰበው።

በ1921 ዓ.ም. ኤድዋር ክላፓሬድ ወደ ጄኔቭ ጠርቶት በሩሶ ተቋም ሥራ ያዘ። በ1926 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ሕፃናትን ስለ ፀሐይ፣ ስለ ስምና ስለ ሕልም ጠየቀ። ፀሐይ በመንገድ እንደምትከተላቸው የነገሩት ብዙ ናቸው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው የሕልሙ ነገር ነው። ትንንሾቹ ሕልም ከውጭ የሚመጣ፣ በክፍሉ ውስጥ በዓይናቸው ፊት የሚሆን ነገር ነው ይላሉ። ከፍ ያሉት ከራስ እንደሚመነጭ ቢያውቁም ገና በክፍሉ ውስጥ ያስቀምጡታል። በአእምሮ ውስጥ ብቻ መሆኑን የሚያውቁት ዘግይተው ነው። እንግዲህ ሌሊት ባንኖ ጅብ ከአልጋው ሥር አለ የሚል የሦስት ዓመት ልጅ እየዋሸ አይደለም፤ ሕልሙን ያየበትን ቦታ እየተናገረ ነው። በዱላ ዝም ማሰኘት ወይም ከአልጋው ሥር ጅብን አባርሬልሃለሁ ማለት፣ አንዱ ጭካኔ ሌላው ደግሞ ሁለተኛ ውሸት ነው። መብራት አብርቶ አብሮት ማየት፣ ሕልም ማለት ተኝተን የምናስበው ነገር መሆኑን መንገር፣ ይህንንም ደጋግሞ መንገር ነው የሚበጀው፤ በአንድ ሌሊት አይገባውምና።

በ1923 ዓ.ም. ቫለንቲን ሻትኔ የምትባል የተቋሙን ተማሪ አገባ፤ ዣክሊን በ1925፣ ሉሲየን በ1927፣ ሎራን በ1931 ዓ.ም. ተወለዱ። ባልና ሚስት ሦስቱን ልጆች ከመወለዳቸው ጀምሮ እየተከታተሉ መዘገቡ። (ቫለንቲን ሠልጥና ከባሏ ጋር የታዘበች ሴት ስትሆን በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ያለው ስም የእርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገር የሴት ተማሪዎቻችን አስተያየት ቢታከልበት ደስ ይለኛል።)

በአንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ዣክሊን ዳሩ ዘርፍ ያለው ጨርቅ አየች፤ ትራሷን መሰላት። አንድ ጫፉን ጨብጣ፣ አውራ ጣቷን እየጠባች በጎኗ ተጋደመች፤ ነገር ግን እየሳቀች ነበር። ዓይኗ ክፍት ሆኖ አልፎ አልፎ ብቻ ይጨፈናል፤ እንቅልፍን እንደ መጥቀስ ያህል። ፒያዤ ከዚህ ሣቅ ላይ ዓይኑን አላነሣም። የሚያንቀላፋ ሕፃን አይስቅም፤ ሣቁ የጨዋታው ማኅተም ነው። ማንም ሳያስተምራት፣ ገና ቃል ሳታጠናቅር፣ የውሸት መሆኑን በፊቷ ተናገረች።

አራት ዓመት ሊሆናት ሲል ዣክሊን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላባው የተነቀለ የሞተ ዳክዬ አይታ በጣም ደነገጠች። በማግስቱ አባቷ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ሶፋ ላይ ድርቅ ብላ፣ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ፣ እግሯን አጥፋ ተጋድማ አገኛት። አሞሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት እርሷ የሞተው ዳክዬ መሆኗን ነገረችው። ሉሲየን ደግሞ በአራት ዓመቷ ከአባቷ ጎን ቀጥ ብላ ቆማ የደወል ድምፅ ታሰማ ነበር። ዝም በይ ቢላት አልሰማች አለች፤ አፏን በእጁ ቢይዝ ተቆጥታ ገፈተረችው፤ ግን ቀጥ ብላ እንደ ቆመች ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነች እንዳይነካት አስታወቀችው። በጨዋታ ያልተወለደ አባት በዚህ ተቆጥቶ ከክፍሉ ሊያስወጣት ይችል ነበር። እርሱ ደብተሩን አወጣ።

እነዚህ ሁሉ በ1945 ዓ.ም. በታተመው የምልክት አፈጣጠር በሕፃናት ዘንድ በሚለው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛሉ፤ የሞግዚቲቱም ታሪክ እዚያው ነው። በመጽሐፉ እንደሚለው ልጅ በጨዋታ ዓለምን ወደ ራሱ ፈቃድ ያጎብጣል፤ ያስፈራውን፣ ያልገባውን፣ የተከለከለውን እንደገና ሠርቶ ይውጠዋል። የዳክዬው ሞት በሶፋው ላይ የተዋጠው እንዲህ ነው። ጨዋታውን ያምንበታል ወይስ አያምንበትም ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ፒያዤ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ይህን ጥያቄ ለራሱ አያነሣም ብሎ ይመልሳል። ሌሎችን ለማሳመን አይሞክርም፤ እርሱም አይመረምረውም። ስለዚህ አንበሳ አየሁ ያለውን የጎረቤቴን ልጅ ውሸታም ማለት፣ ያልተከሰሰበትን ወንጀል እንደ መፍረድ ነው። ቁንጥጫው ቀርቶ፣ የምር አንበሳ ነው የጨዋታ አንበሳ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ልጁ ራሱ ፈገግ ብሎ ይነግረናል።

ፒያዤ ከ1929 እስከ 1967 ዓ.ም. የዓለም አቀፉን የትምህርት ቢሮ በኃላፊነት መራ፤ ከ1952 ጀምሮ ለዐሥራ አንድ ዓመት በሶርቦን አስተማረ፤ በ1955 ዓ.ም. በጄኔቭ የራሱን የምርምር ማዕከል አቋቋመ። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ፒፓውን ነክሶ፣ በብስክሌት ሲሄድ የከተማው ሰው ያውቀው ነበር። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1980 ዓ.ም. በሰማንያ አራት ዓመቱ በዚያችው ከተማ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት አንዳንዱን አጽንተው አንዳንዱን ነቅፈውታል። የራሱን ሦስት ልጆች አይቶ ስለ ዓለም ልጆች ሁሉ መናገሩ በእኔም አስተያየት ድፍረት ነው። አሜሪካዊው ጆን ፍላቬል በ1980ዎቹ ድንጋይ እንዲመስል የተሠራ ስፖንጅ ለልጆች ሰጠ። የሦስት ዓመት ልጆች ብዙዎቹ ዳስሰው ስፖንጅ መሆኑን ካወቁ በኋላ የሚመስለውም ስፖንጅ ነው አሉ። ምንነትንና መልክን በአንድ ጊዜ መያዝ ይከብዳቸዋል፤ አራትና አምስት ዓመት ሲሆናቸው ይቻላቸዋል። የማስመሰል ጨዋታ ላይ ግን እነዚሁ ትንንሾች ብልኆች ናቸው፤ በሐሳብ ያለ ብስኩት እንደማይበላ፣ በእጅ እንደማይነካ የሦስት ዓመት ልጅ ያውቃል።

እንግሊዛዊው ፖል ሃሪስና ጓደኞቹ በ1991 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ደግሞ ለመካኒሳ የተጻፈ ይመስላል። ልጆቹ በባዶ ሣጥን ውስጥ አስፈሪ ፍጥረት እንዳለ በሐሳባቸው እንዲያደርጉ ተነገራቸው። ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ ሲጠየቁም የውሸት ነው ይላሉ። ዐዋቂው ትቷቸው ሊወጣ ሲል ግን የፈሩ፣ አትሂድብን ያሉ ትንንሾች ነበሩ። ማወቅ ብቻውን ፍርሃትን አያስወጣም ማለት ነው። ልጅ ራሱ ያቀናውና ባዶነቱን ያየው ሣጥን እንዲህ ካስፈራው፣ እናቱ የምር አድርጋ የነገረችው ጅብ ምን ያህል ያስፈራው?

ማስፈራሪያውን የሚጠቀሙ እናቶች ክፉዎች አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ሠርተው የደከሙ ናቸው፤ ጅቡም ቶሎ ይሠራል። የማልስማማው ከዋጋው ጋር ነው፤ በተለይ ከመርፌው። ሐኪም ይወጋሃል እየተባለ ያደገ ልጅ የምሩን ለክትባት ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ከበሩ ጀምሮ የሚጮኸው ለምን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን።

ተረት ይቅር የሚሉ የትምህርት ክፍል ጓደኞች አሉኝ፤ ልጅን ያሳስታል ይላሉ። ከነርሱም ጋር አልስማማም። አያቶቻችን ተረት ሲጀምሩ ደንበኛ መጥሪያ አለው፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ስለ ላሟ በረት ይመልሳሉ። ሲያልቅ ተረቱ ይመለስላቸው ዘንድ፣ አፋቸውም በዳቦ ይታበስ ዘንድ ይጠይቃሉ። መግቢያውና መውጫው በር ነው፤ ከበሩ ወዲህ አያ ጅቦ ይናገራል፣ ከበሩ ወዲያ ጅብ አይናገርም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ተረት ሲነግሩ ከልጆቹ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ይጀምሩ፣ ተሰናብተው ይጨርሱ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሲሞቱ ያለቀሰላቸው ሕዝብ ተረታቸው አሳሳተኝ አላለም። የሞግዚቲቱ ታሪክ መግቢያም መውጫም አልነበረውም፤ መውጫው የመጣው ከዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል በኋላ በፖስታ ነው።

አሁን በኛ ግቢ ያሉት ልጆች አዲስ ጨዋታ ጀምረዋል። አንዱ ጅብ ይሆናል፤ ሌሎቹ ቤት አልገባም የሚሉ ልጆች ይሆናሉ፤ ትንሿ ደግሞ እናት ሆና ከደጅ ትጣራለች። ጅቡ ሲያባርራቸው በጣም ይጮኻሉ፤ የሚያሳድዳቸውም እያነከሰ፣ እየሳቀ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጅቡ ደክሞት ተቀመጠና በተራው ልጅ ልሁን አለ፤ ማን ጅብ እንደሚሆን ለመስማማት እስኪመሽ ድረስ ተከራከሩ።